ሱሚና የተባለው ወታደር

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ኤኮው ታኮራዲ ከተማ ውስጥ ባለችው ትንሽ የኮምፒውተር ጌም መሥሪያ ቤት ሥራ በጀመረበት ቀን፣ ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ፣ ጥግ የተቀመጠችውን ልጅ ኮምፒውተር አየና አፉ አመለጠው።

«ይሄ እጅ ያወጣ ማቀዝቀዣ ምንድን ነው?»

ልጅቷ ቀስ ብላ ዞረች። ዓይኖቿን ሲያይ የተናገረውን መልሶ መዋጥ አማረው።

«ማቀዝቀዣው ሮቦት ወታደር ነው» አለችው። «ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚህ ተጎልቼ የሠራሁት እኔ ነኝ። አንተስ ማን ነህ?»

«እኔ... ቀለም ቀቢው ነኝ።»

«በል እንግዲህ፣ ቀብተህ ሰው አድርገዋ!»

አራባና ኤኮው እንዲህ ተዋወቁ። እግዜር ሲያገናኝ ቦታም ሰዓትም አይመርጥም።

ሥራቸው አንድ ላይ ነበር። አራባ የሮቦቱን ትከሻ፣ ጉልበት፣ የጣት መጋጠሚያ በኮምፒውተር ትቀርጻለች። ኤኮው ደግሞ ቆዳ ያለብሰዋል፤ የተላጠ አረንጓዴ ቀለም፣ ዝገት፣ የጥይት ጭረት፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የደረቀ ቀይ ጭቃ። ያዘዛቸው ባሕር ማዶ ያለ ደንበኛ ግን አስቸጋሪ ነው። የመጀመሪያውን ሮቦት «አሻንጉሊት ይመስላል» ብሎ መለሰው። ሁለተኛውን «ጦርነት ያየ አይመስልም» አለ። ሦስተኛውን ምክንያት እንኳ ሳይሰጥ ጣለው።

አለቃቸው ብላንክሰን ራሱን እያከከ «ልጆች፣ አራተኛው ከወደቀ መበተናችን ነው» አላቸው።

አራባ ያን ቀን ምሳ አልዋጥ አላት። ከሥራው በላይ ከኤኮው መለየቱ ነበር የጨነቃት። እሱ ለካ በየቀኑ በቅጠል የተጠቀለለውን የበቆሎ ምግብ፣ ኬንኬውን፣ እየፈታ፣ የዓሣውን አጥንት እየለቀመ ሲያጎርሳት ልቧን ወስዶት ኖሯል።

«አራባ፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ በቀኝሽ ብቻ የምታስቀምጪኝ?» አላት አንድ ቀን።

«ግራዬ አያምርማ።»

«ዋሾ!»

ሳቀች። ልቧ ግን አልሳቀም። ግራ ጉንጯን በወፍራም ፓውደር ሳትሸፍን ከቤት ወጥታ አታውቅም። ከፓውደሩ ሥር በሕፃንነቷ በምላጭ የተበጡ ሦስት አጫጭር መስመሮች አሉ። እናቷ ማሜ ኤኩዋ ከሷ በፊት አራት ልጆች ቀብራለች። አምስተኛዋን ሞት ተጠይፎ እንዲተዋት ጉንጯን በጧት፤ ስሟንም ሱሚና አሏት። የቆሻሻ ክምር ማለት ነው። ዘዴው ሠርቶ ልጅቷ አደገች። ግን ትምህርት ቤት ልጆች አፍንጫቸውን እየያዙ ሲስቁባት ነው ያደገችው። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት በተወለደችበት ቀን ስም፣ የማክሰኞ ልጅ አራባ ተብላ መጠራት ጀመረች፤ እናቷንም ዳግመኛ በዚያ ስም እንዳትጠራት አስማለቻት። ማሜ ኤኩዋ ማለች። አሥር ዓመት ሙሉ ስሙ ከአፏ አልወጣም።

ኤኮው ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም። ያወቀ ዕለት ይሄዳል ብላ አራባ ትፈራለች።

ሰኞ ጠዋት ኤኮው ቀብቶ የጨረሰውን አራተኛ ሮቦት ልታይ ኮምፒውተሯን ከፈተች። የፋይሉን ስም አነበበች።

ሱሚና።

ከፈተችው። ወታደሩ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል፤ ከሦስቱም ያምራል። ግራ ጉንጩ ላይ ግን ሦስት አጫጭር መስመሮች አሉ። ግራው ላይ ብቻ! የሮቦት ፊት ሲሠራ ግማሹ ብቻ ይሳልና ኮምፒውተሩ ለሌላኛው ግማሽ ይገለብጠዋል። ጭረት በአንዱ ጉንጭ ብቻ እንዲቀር ሁለቱን ገጽ ለያይቶ እንደ አዲስ መሥራት ይጠይቃል። በስህተት የሚሆን ነገር አይደለም። ሆን ብሎ ነው!

ኤኮው ፈገግ ብሎ ገባ። «አየሽው? እንዴት ነው?»

«ማን ነገረህ?»

«ምኑን?»

«ማን ነገረህ ነው የምልህ! መሳቂያ ልታደርገኝ ነው? ሲያምርህ ይቅር! እኔ አንተን... እኔ አንተን እንደ ሰው ቆጥሬህ...»

«አራባ፣ ኧረ ተይ! ምን አጠፋሁ?»

«ፊትህን እንዳላይ!»

ቦርሳዋን አንስታ እያለቀሰች ወጣች። ብላንክሰን ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ኤይ! ምን አደረግሃት አንተ?» አለ።

ከሰዓት በኋላ ኤኮው ቤቷ ሄደ። ማሜ ኤኩዋ ግቢ ውስጥ የተጠበሰ ዓሣ በቅርጫት እየደረደረች ነበር። ቀና ብላ አየችውና በአገጯ ወደ ጓሮ አመለከተችው።

አራባ ጓሮ የውሃ በርሜል ላይ ተቀምጣለች። ስታየው ፊቷን አዞረች።

«እሄዳለሁ» አላት። «ግን ጥፋቴን ንገሪኝና ልሂድ።»

«ስሙን ከየት አመጣኸው?»

«ከቤቴ! ሦስት ሮቦት ሞተብን አይደል? እናቴም ሦስት ሞተውባታል። አራተኛዋን፣ ታናሽ እህቴን፣ ሱሚና የሚል አስቀያሚ ስም አወጡላትና ግራ ጉንጯን በጧት። ቀረችልን። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። ይሄኛው ደግሞ ከወደቀ አንቺ ልትሄጂብኝ ነው... ጨነቀኝ፣ አራባ። ሌላ ዘዴ አጣሁ። ሞት እንዲጠየፈው ብዬ ነው። ትስቂያለሽ ብዬ ነበር እኮ!»

አራባ ቀና አለች። ዓይኑን አየችው። ውሸት የለበትም። አንዴም ወደ ጉንጯ አልተመለከተም። ሰውዬው ምንም አያውቅም ነበር!

አሁን ዝም ብትል ዝም ማለት ትችላለች። ይቅርታ ጠይቃው፣ ፓውደሯን እንደተቀባች፣ በቀኟ አስቀምጣው መኖር ትችላለች። ግን ደከማት። ከበርሜሉ ውሃ በእጇ ጨለፈችና ግራ ጉንጯን አጠበች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ፊቷን ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ አዞረች።

«ሱሚና እኔ ነኝ» አለችው። «ከኔ በፊት አራት ተቀብረዋል።»

ኤኮው ሦስቱን መስመሮች አየ።

«ሂድ፤ አልቀየምህም» አለች በሹክሹክታ።

«ወዴት ነው የምሄደው?» አላት። «የእህቴን ስም ያወጣችው እናቴ ናት። ስታወጣ እንዴት እንዳለቀሰች በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ስም ሰው ለሚጠላው ልጅ አያወጣም፣ አራባ። እናትሽ ምን ያህል ብትወድሽ ነው!»

ይህን ቃል ሃያ ስድስት ዓመት ማንም ብሏት አያውቅም። ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሱም በአውራ ጣቱ ጉንጯን ዳበሰው። ማሜ ኤኩዋ ከወዲያ ማዶ ዓሣዋን መደርደር አቁማ ነበር።

ሮቦቱን በማግስቱ ላኩት። ደንበኛው በአምስተኛው ቀን መልስ ላከ። ብላንክሰን ጮክ ብሎ አነበበው፦ «በጣም ጥሩ ነው፤ ተቀብለናል። ጉንጩ ላይ ያለው ጭረት ግን ይጥፋ።»

«አይጠፋም በላቸው» አለች አራባ።

«ልጄ፣ ነገር አታበላሺ!»

«አይጠፋም። ከነጉንጩ ካልወሰዱት ይተዉት።»

ብላንክሰን ላቡን እየጠረገ ጻፈ። ሁለት ቀን ማንም በቅጡ አልበላም። በሦስተኛው ቀን አንድ መስመር መጣ፦ «ይሁን፤ ጭረቱ እንዳለ ይቆይ።» ኤኮው አራባን አንስቶ ሲያሽከረክራት ሳታስበው አለቃውን በእግሯ መታችው፤ አለቃውም ሳቀ።

ከወር በኋላ የኤኮው አጎት ሁለት ጠርሙስ መጠጥ ይዞ የማሜ ኤኩዋን በር አንኳኳ። ኤኮው ከኋላው ነበር። በልማዱ ልጅቷ በምትጠየቅበት ቀን ሙሽራው ትንፍሽ አይልም፤ ሽማግሌው ነው የሚናገርለት።

«ከግቢያችሁ አንዲት አበባ አየን» አለ አጎትየው። «እንድትሰጡን ልንለምን መጣን።»

«እዚህ ቤት አበባ ብዙ ነው። የትኛዋ?» አለ የአራባ አጎት።

«አራባ የምትባለዋ።»

«ሱሚና!» አለ ኤኮው ብድግ ብሎ።

አጎቱ በዓይኑ ገረፈው። ማሜ ኤኩዋ የልብሷን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። አራባ ተጠራችና ወጣች፤ ፊቷ ላይ አንዳች ቅባት የለም።

«ይህን መጠጥ እንጠጣው?» አላት አጎቷ እንደ ደንቡ፤ ጠጡት ካለች ተስማማች ማለት ነው። «ነገ መልሳችሁ ትፉት እንዳትይን።»

«ጠጡት።»

«ሁለተኛ እጠይቅሻለሁ።»

«ጠጡት!»

ሦስተኛውን ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ማሜ ኤኩዋ እጇን ዘርግታ አስቆመችው። ብርጭቆውን ራሷ አነሳች። ልጇን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ሱሚናዬ...» አለች። «ልጠጣው?»

«ጠጪው፣ ማሜ።»