ከዱኑ ግድግዳ ውስጥ

«ዝም በሉ!» አለ ላክላን፣ ጆሮውን ከድንጋዩ ጋር አጣብቆ።

ከግድግዳው ሆድ ውስጥ የሞስ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭን፣ የደከመ። ውሻው ጥንቸል አሳዶ የገባበት ቀዳዳ ከኋላው ተደርምሶበታል። ኤፊ የአጎቷን ፊት አየች። ላክላን ለሰው ከሚናገረው ይልቅ ለዚህ ውሻ የሚናገረው ይበልጣል።

ዱን ይሉታል፤ ማን እንደሠራው የማይታወቅ የጥንት የድንጋይ ምሽግ፤ አሁን ግን እስከ ደረት የሚደርስ ግድግዳና የበግ መጠለያ ብቻ። ወደዚህች ደሴት በእግር የሚመጣው ባሕሩ ሲሸሽ ነው። ባሕሩ ደግሞ ፊቱን መልሷል። በመሻገሪያው ላይ ተኝቶ የነበረው የባሕር አረም መንሳፈፍ ጀምሯል።

«ይህን ግድግዳ የነካው ሰው አለ?» ሲል ጠየቀ ላክላን። ድንጋይ መካብ ሥራው ነው። «በራሱ እንዲህ አይወርድም።»

«ማን ይነካዋል አጎቴ? የሰሞኑ ነፋስ ነው» አለ ቶርክል፣ የኤፊ የአክስት ልጅ።

ቶርክል ሲዋሽ ዓይኑን አያሸሽም፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ነው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ የሚመስለው። ባለፈው ሳምንት እሱና ኤፊ ከዚሁ ግድግዳ ረጃጅም ድንጋዮች መዝዘው ወስደዋል፤ የቶርክልን ጀልባ ውሃ ላይ ለማሰር ክብደት እንዲሆኑ። ከዱኑ ጠጠር እንኳ ማንሣት በሕግ ክልክል ነው። አባቱ ከሰማ ጀልባዋን ይሸጥበታል። ኤፊ መዳፏን በምራቅ አርሳ፣ የቶርክልን እጅ ጨብጣ፣ ላትናገር ምላለች።

ላክላን ጃኬቱን አውልቆ በሆዱ ተኛ። መጀመሪያ ክንዱ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ራሱ ቀዳዳው ውስጥ ገባ። ከላዩ አፈር ተንሿሿ።

ኤፊ ቶርክልን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «ንገረው።»

«አትሟዘዢ!» አለ በሹክሹክታ። «ውሻውን ይጎትተዋል፣ ከዚያ ላሽ እንላለን።»

«ቢወርድበትስ?»

«ሁለት ሺህ ዓመት የቆመ ዛሬ ነው የሚወርደው?»

«እስከ ዛሬ የቆመው አንተ ስላልነካኸው ነው፣ ደነዝ!»

የላክላን ድምፅ ታፍኖ መጣ። «ጅራቱን ነክቼዋለሁ! ይቺን ትልቋን ገፋ ባደርጋት...»

ኤፊ ተንደርድራ እግሩን በሁለት እጇ ያዘችና ጎተተች። «ውጣ! አጎቴ፣ አትግፋት! ሥሯ ባዶ ነው!»

ወጣ። ቅንድቡ ሳይቀር አፈር ለብሷል።

«ረጃጅሞቹን ወስደናቸዋል» አለች። «በውስጥ በኩል። እኔና እሱ።»

«አንቺ...» ብሎ ቀረ ቶርክል።

ላክላን አልጮኸም፤ ቢጮኽባት ይሻላት ነበር። «የት ጋ?»

አሳየችው። በእጁ ዳበሰው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ከላይ ድንጋዩን እየቀነስኩ ነው የምወርደው» አለ። «አንድ በአንድ። እናንተ ግን ተሻገሩ፣ ውሃው ጉልበት ሳይደርስ።»

«ብቻህን አትችልም።»

«ኤፊ፣ ባሕሩ አንዴ መሻገሪያውን ከዘጋ እስከ ሌሊት መውጫ የለም።»

«አውቃለሁ።»

ቶርክል አንዴ መሻገሪያውን፣ አንዴ እሷን ያያል። «አባቴ ጀልባዋን ይሸጣታል እኮ» አለ።

«አውቃለሁ አልኩ።»

ኤፊ ከግድግዳው ጎን ያለው የድንጋይ ክምር ላይ ወጣች። ከላይኛው ረድፍ የመጀመሪያውን ድንጋይ አንሥታ ለአጎቷ አቀበለችው። ቶርክል ይሂድ ይቅር፣ ዞራ አላየችም። ከሥር ሞስ አንዴ ጮኸ። ሁለተኛውን አነሣች።