በማውስ የተጎተተችው ኖታ

«አሁንም ዘገየሽ!» ቲቸር የፒያኖውን ክዳን በመዳፋቸው መታ አደረጉ። «ሦስተኛው መስመር ላይ ሁለቱም ድምፆች እኩል ነው የሚገቡት። ስንቴ ልንገርሽ?»

ቀጮ ወረቀቷን አየች። «ቲቸር፣ እንደተጻፈው እኮ ነው የምዘፍነው።»

«እና ወረቀቱ ነው የዋሸው?»

አብረዋት የሚዘፍኑት ልጆች ሳቁ። በፒያኖውና በግድግዳው መሃል፣ ኮምፒውተሩ ጋ የተሸጎጠችው ሚጢ ግን አልሳቀችም። ቲቸር በእጃቸው የጻፉትን ዘፈን በኖታ መጻፊያ ፕሮግራም የገለበጠችው እሷ ናት። አንደኛው ድምፅ የኖታው ጭራ ወደ ላይ፣ ቀጮ ብቻዋን የምትዘፍነው ሁለተኛው ድምፅ ጭራው ወደ ታች። ቲቸር ራሳቸው ዛሬም የሚያዩት የእጅ ጽሑፋቸውን ነው፤ የሚጢን ሕትመት ግን «ልክ እንደ መጽሐፍ!» ብለው ለሁሉም አድለዋል።

ሦስተኛው መስመር ላይ ሁለቱ ድምፆች እኩል በሚዘፈኑ ጎን ለጎን ባሉ ኖታዎች ይገናኛሉ። ፕሮግራሙ ትከሻ ለትከሻ አስጠግቶ አስቀምጧቸው ነበር። እሷ ደግሞ የተጨናነቁ መስሏት የታችኛዋን፣ የቀጮን ኖታ፣ በማውስ ወደ ቀኝ ጎተተቻት። ትንሽ ነው። ለዓይን እንዲያምር። አሁን ስክሪኑ ላይ ስታያት ኖታዋ ዘግይታ የምትገባ መስላ ከቀጣዩ የግጥም ቃል በላይ ቆማለች። ቀጮ ምንም አልተሳሳተችም።

ብትጠፋ በወደደች፤ ግን መውጫዋን የቲቸር ወንበር ዘግቶታል፤ ለመውጣት እሳቸውን ማስነሳት አለባት።

«ነገ መድረክ አለብን» አሉ ቲቸር። «ከእረፍት በኋላም ከዘገየሽ፣ ቦታሽን ለሌላ ልጅ እሰጣለሁ።»

ቀጮ ወረቀቷን ፒያኖው ላይ ትታ ወደ ሚጢ ጎንበስ አለች። «ጆሮዬ ነው መሰለኝ» አለች በሹክሹክታ። «ድሮም ለሙዚቃ አልተፈጠርኩም።» ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም። ከልጆቹ ኋላ ወጣች።

ሚጢ ኖታዋን ወደ ቦታዋ መለሰቻት። አንድ ክሊክ ብቻ። ማተሚያው አጉረመረመና አዲሱን ወረቀት ተፋ።

የቀጮ ወረቀት እጇ በሚደርስበት ነው። ቲቸር መነጽራቸውን እየወለወሉ ነው። አሮጌውን አንስታ አዲሱን ብታስቀምጥ ማንም አያውቅም። ቀጮ በሰዓቱ ትገባለች። ሁሉም ያጨበጭባል።

«ጆሮዬ ነው መሰለኝ» ያለችው ትዝ አላት።

አሮጌውን ወረቀት አነሳች። አዲሱን አላስቀመጠችም፤ ሁለቱንም በአንድ እጇ ያዘች።

«ቲቸር» አለች። «አንዴ ይነሱልኝ። ልጆቹ ሲመለሱ ፊታቸው ቆሜ፣ ስህተቱ የቀጮ ሳይሆን የእኔ መሆኑን መናገር እፈልጋለሁ።»