በዑምኩልሱም ግቢ ያለው የጋዝ ጉድጓድ

ግንበኛው ኡበይድ ሞቶ የተገኘው ራሱ በገነባው የባዮጋዝ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ፣ መንገድ ዳር፣ በዑምኩልሱም ግቢ። እበት ታምቆ የማገዶ ጋዝ ይሰጣል ተብሎ፣ ፌዴራል መንግሥት ለገጠር ታዳሽ ኃይል የላከው ገንዘብ እዚህ ሲደርስ አንድ ጉድጓድና ከቤቱ የሚበልጥ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሆኗል። ሰሌዳው ያምራል።

ኢንስፔክተር ተሾመች ከደሴ ስትደርስ የፕሮጀክቱ ባለሙያ ዘይኑልአቢዲን እንደ ሰርግ እንግዳ ተቀበላት። ይህ ሰውዬ የፀሐይ መነጽሩን ጥላ ውስጥም አያወልቅም።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ። «ሴትየዋ ክዳኑን ክፍት ትታው ጋዙ አፍኖ ገደለው። ሽታው እኔንም ራሴን አዙሮኛል። ሰው እንዳይጠጋ ከልክዬ፣ አፍንጫዬን በፎጣ አስሬ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ጀግና ነዎት» አለችው ተሾመች፤ ወደ ዑምኩልሱም ዞረች። ሰባት ዓመት ጅዳ የሰው ቤት ጠርጋ ይህችን ግቢ የሠራች ሴት፣ በቸልተኝነት ሰው ገድለሻል ተብላ በካቴና ታስራ ተቀምጣለች።

«ክዳኑን ከፍተሽ ነበር?»

«ወላሂ ነክቼው አላውቅም። የምርቃቱ ቀን ምድጃዬ ላይ እሳት አሳዩ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ በርቶ አያውቅም። ‹ጋዙ ይጠራቀም፣ እንዳትነኪው› አለኝ ባለሙያው።»

«እበቱን ማን ሞላው?»

«እኔ ያኔ ደሴ እናቴን ሳስታምም ነበርኩ። በመኪና አምጥተን ሞላነው አሉኝ።»

ሥራውን የተረከበው የቀበሌ ኮሚቴ ሊቀመንበር አብዱልመናንም ያየው ያንኑ እሳት ብቻ ነው፤ አይቶ ፈርሟል። ምን ላይ እንደፈረመ ሲጠየቅ ጢሙን አከከ።

«ኡበይድ ከሰው ተጣልቶ ነበር?»

«ኧረ ከማንም» አለ ሊቀመንበሩ። «ነገ ከፌዴራል ለሚመጡት እንግዶች ‹የምነግራቸው አለኝ› ሲል ነበር። ሁለተኛውን ዙር ገንዘብ ሊፈቅዱ ነው የሚመጡት።»

ጀናዛውን ያጠቡት ሼህ ሳሊሕ ግን ዓይን ነበራቸው።

«ልጄ፣ ማጅራቱ ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ ቁስል አለ» አሏት። «ልብሱን ደግሞ አቧራ እንጂ እበት አልነካውም።»

ተሾመች ሁሉንም ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰበሰበች። ክዳኑን አስነሳችና ክብሪት ጭራ ወረወረች።

አብዱልመናን አጥር ዘለለ። ዑምኩልሱም ከነካቴናዋ ሮጠች። ሼሁ ሸሃዳቸውን ይዘው መሬት ላይ ተደፉ። ዘይኑልአቢዲን ግን ንቅንቅ አላለም፤ በሚሸሹት ሳቀ። ክብሪቱ ደረቁ ወለል ላይ ወድቆ ጠፋ።

«ምነው አልሸሹም?» አለችው። «ራስዎን ያዞረ ጋዝ አልነበረም?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ሌሎቹ እየፈሩ ተመለሱ።

«ስሙኝ» አለች ተሾመች። «እበት የሞላው ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው ልብሱ እበት ሳይነካው አይወጣም። እበት ከሌለ ጋዝ የለም፤ ጋዝ ከሌለ ኡበይድ ታፍኖ አልሞተም፤ ተመትቶ ነው። ታዲያ የምርቃቱ ቀን እሳት ከየት መጣ? ከምድጃው ግድግዳ ጀርባ ከተደበቀች ትንሽ የቡታጋዝ ሲሊንደር መሆን አለበት። የሲሊንደር ግርጌ ክብ ነው፤ ማጅራት ላይ ሲያርፍ ግማሽ ጨረቃ ይተዋል። ጉድጓዱ ባዶ መሆኑን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ነገ ሊናገር ነበር። ሌላው ገደለውና፣ ባዶነቱ እንዳይታይ በሌለ ጋዝ ሰው አስፈራርቶ፣ ጥፋቱን በዚህች ሴት ላይ ጫነ።»

«ጉድጓድ ባዶ ስለሆነ ነፍሰ ገዳይ ልባል ነው?» አለ ዘይኑልአቢዲን።

ተሾመች ፈትሽ ብላ የላከችው ፖሊስ ከባለሙያው ፒካፕ ወንበር ጀርባ በምርቃቱ ባነር የተጠቀለለ ሲሊንደር ይዞ መጣ። ጠርዙ ላይ ደም ደርቋል። ሰውዬው ሥራ መጨረስ ስለማያውቅ፣ የገደለበትን ዕቃ ማጠብ እንኳ ሰንፏል።

ካቴናው ከዑምኩልሱም እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ገባ። እሷ ቀና ብላ ኢንስፔክተሯን «ልድፈነው?» አለቻት።

«የማስረጃው ፎቶ ተነስቷል። ድፈኚው።»

አካፋ አንስታ ዳር የተቆለለውን አፈር ወደ ጉድጓዱ መመለስ ጀመረች።

«ተይ፣ የፌዴራል ንብረት ነው» ብሎ ጮኸ ዘይኑልአቢዲን ከፖሊስ መኪናው ውስጥ።

«ኡበይድን ስትጥልበት የማን ነበር?» አለችው ዑምኩልሱም፤ አካፋዋን እንደገና ሞላች።