ለአምበሮ የፈሰሰ ዘይት

«ጎንበስ በይ እንጂ! ልብስሽ ላይ ሊፈስ ነው እኮ!» አሉ ሰፈሩ በአክብሮት «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ የሚላቸው አሮጊቷ ሲራድ።

የልጅቷ የሰግል አክስት ኪንሲ ሳቋን እንደምንም ዋጥ አድርጋ ጎንበስ አለች። እርጉዝ አይደለችም፤ ባልም የላትም። ግን ሀርጌሳ ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ ሬዲዮ የሚከፍት ሁሉ ድምፅዋን ያውቀዋል፤ በድራማው ውስጥ ምጧ የተቃረበውን አምበሮን የምትጫወተው እሷ ናት። የሰፈሩ ሴቶች ለነፍሰ ጡሯ ጎረቤታቸው ለሩን «ማደሕሹብ» የሚባለውን የእርጉዝ ምርቃት ደግሰው፣ እየዘመሩ ራሷን ዘይት ሲቀቡ፣ አንዷ ድንገት «አምበሮስ?» አለች። እናት የላት፣ አማቷ ክፉ፣ ማን ይቀባት? በቃ፣ ኪንሲን ከቤቷ ጎትተው አምጥተው ሩን አጠገብ አስቀመጧት።

«አላህ በሰላም ይገላግልሽ፣ አምበሮ!»

«አሚን!»

«ያ ደራሲ ጨካኝ ነው» አሉ ኤዶ ሲራድ ዘይቱን እያሹ። «አምና አባቷን ገደለብን፤ እህል አልወርድልሽ ብሎኝ ሰነበተ። እሷን ይንካና፣ በዚህ ምርኩዜ ነው የምለው!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሩን ግን አልሳቀችም። የዘይቱን ሳህን የያዘችው ሰግልም አልሳቀችም። ትናንት አክስቷ ሻይ በማር እየጠጣች ነግራታለች፦ «ድራማውን ቀድተን ጨረስን። የምትወለደው ልጅ ትተርፋለች፣ አምበሮ ግን በምጥ ትሞታለች። ከአፍሽ እንዳትወጣ! ከሥራዬ ነው የሚያባርሩኝ።»

ዘፈኑ ሲደራ ሩን ሰግልን ወደ ጓዳ ጠራቻት። ሻሽዋ በዘይት ርሷል።

«እኔ የምልሽ፣ ሰግል» አለች ሆድዋን ደግፋ። «ያ የመጀመሪያው ልጄ በአዋላጆቹ እጅ ላይ ሞቶ ከቀረ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አምበሮ በሰላም ከተገላገለች እኔም እገላገላለሁ ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ጅል ነኝ፣ አይደል?»

ሰግል ዝም ብትል ሩን ሐሙስ ለብቻዋ ተቀምጣ ልትሰማው ነው። ብትናገር ደግሞ የአክስቷ እንጀራ አለ።

«ኤዶ ሩን» አለች። «አምበሮ ትሞታለች።»

ሩን የሩዙ ጆንያ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። እንባዋ ወረደ፤ የሥጋ ዘመዱን ሞት እንደተረዳ ሰው አለቀሰች። ሰግል ምን እንደምታደርግ ስለጠፋት አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ጀርባዋን ታሻሻት ጀመር።

«ልጁስ?» አለች ሩን በመጨረሻ።

«ትተርፋለች። ሴት ናት።»

«አልሐምዱሊላህ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ለኤዶ ሲራድ እንዳትነግሪያቸው። እስከ ሐሙስ ዱዓ ያድርጉላት።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ሰግል ለአክስቷ ሁሉንም ዘረገፈችላት። ኪንሲ መንገዱ መሃል ቀጥ አለች።

«አንቺ! ምን ብዬሽ ነበር?»

«ሌላ ሰው ቢሆን አልናገርም ነበር። ሩን ናት እኮ!»

ኪንሲ ከግንባሯ የሚንጠባጠበውን ዘይት በመዳፏ ጠረገች። «እኔም እዚያ ተቀምጬ አፌ ላይ ደርሶ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ነይ፣ እንሂድ።»

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሰግል ማንም ሳይልካት ሩን ቤት ሄደች። ሩን ሬዲዮውን ትራሱ ላይ አስደግፋ እየጠበቀች ነበር። የድራማው ሙዚቃ ሲጀምር የሰግልን እጅ አፈፍ አድርጋ ሆድዋ ላይ አደረገችው። ሕፃኑ እየተራገጠ ነበር።

«ሰግል» አለች በሹክሹክታ። «ምናልባት ትተርፍ ይሆን? ደራሲው አዝኖላት ሐሳቡን ቢቀይርስ?»

ሰግል ሁሉም ነገር ተቀድቶ ማለቁን ታውቃለች። «አምበሮ» ራሷ ከግድግዳው ባሻገር ሩዟን እየበላች እንደሆነም ታውቃለች። ልቧ ግን ድው ድው ይል ነበር።

«ኢንሻአላህ» አለች ከልቧ፤ የሬዲዮውንም ድምፅ ከፍ አደረገችው።