አሮጌው ሽጉጥና አዲሱ ጥይት

ጎርፉ ድልድዩን ጠርጎ ስለወሰደው፣ መሬት ቀያሹና ታላቅ እህቱ ወንዙን ገመድ ይዘው ተሻገሩ። ውሃው ብብታቸው ደርሷል። የአባታቸው የልብ መድኃኒት በላስቲክ ተጠቅልሎ እህትየው አናት ላይ ታስሯል። አባትየው ተራራው ጫፍ ላይ ዝናብና ነፋስ በሚመዘግቡበት ጣቢያ ብቻቸውን ናቸው። የቀራቸው ክኒን ደግሞ የዛሬ ጠዋት ብቻ ነው።

ጫካው ውስጥ ተኩላዎች ከበቧቸው። እህትየው የጦር መሣሪያ ጠጋኝ ናት፤ ስድስት ጎራሿን መዛ አንዴ ወደ ሰማይ ተኮሰች። ተኩላዎቹ እግሬ አውጪኝ አሉ። እሷ ግን የተኩሱ ግፊት ያሳመመውን የእጇን አንጓ ይዛ ቀረች። የተተኮሰው ጥይት ቀለህ አልወጣ ቢላት በሚስማር ገፍታ አስወጣችው፤ ቂጡ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ይመስላል።

«ይሄን ጥይት ከየት አመጣኸው?»

«ከገበያ። ልኳ ነው እኮ፣ ግጥም ነው ያለው!»

«ገባ ማለት ቻለችው ማለት ነው እንዴ? ይሄ ለአዲሱ፣ ለጠንካራው ሽጉጥ የተሠራ ነው። ይህቺ አሮጊት እንዲህ ያለ ግፊት አትችልም። እጅህን ይዛ ነው የምትፈነዳው!»

«አንዴ ችላው የለ?»

«አንዴ ምራናለች በል!»

የቀሩትን አምስት ጥይቶች አውጥታ ኪሷ ከተተች።

ከገደሉ አፋፍ፣ አንድ ጋሪ ብቻ በሚያሳልፈው መንገድ፣ አውራ ዝሆን ቆሞ ጠበቃቸው። ወይ የፈጣሪ ሥራ! ሰማዩን ጋረደው። ጆሮውን ሲዘረጋ ነፋሱ ፊታቸውን መታው።

«እትዬ፣ አጉርሺና ተኩሺ! ወደ ላይ ብቻ!»

«አልተኩስም።»

«ያልቅልናል እኮ!»

ኪሷን ሊበረብር ሲል እጁን ጭምቅ አድርጋ ያዘችው። መንገዱ ዳር ካለው የድንጋይ ስንጥቅ ገብተው ተጣበቁ። ዝሆኑ መጣ፣ ትንፋሹ አንገታቸውን አሞቀው፣ የዓይኑን ሽፋሽፍት ሳይቀር አዩት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ አዛውንት እየረገጠ፣ አልፏቸው ሄደ። ቀያሹ እንባው ወረደ። ከፍርሃት ይሁን ከመደነቅ ራሱም አላወቀም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሱ። አባትየው መድኃኒታቸውን ውጠው ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ እህትየው ሽጉጡን ከቋጥኝ ጋር ጠፍራ አሰረች፣ አንድ ጥይት አጎረሰች፣ ቃታው ላይ ሲባጎ ቋጠረች። ሁሉም ከጣቢያው ግንብ ጀርባ ተከለሉ። ሳበችው።

ድምፁ ተራራውን አናጋው። የሚሽከረከረው የጥይት ቤት ግማሹ የለም፤ አንዱ ስባሪ የበሩ መቃን ውስጥ ጣት ያህል ገብቷል።

ቀያሹ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን ቆጠረ።

«አምስቱም ጣቶችህ አሉ፣ አትቁጠር» አለችው እህቱ።

እሱ ግን እንደገና ቆጠራቸው።