ስድስተኛው ጥያቄ

የአባቷን ቅጽ እስከ አምስተኛው ጥያቄ ድረስ ሳታቆም ሞላችው። ስም፣ ዕድሜ፣ የደም ዓይነት፣ መነጽር ያደርጋሉ ወይ፣ ስንት ዓመት አሽከረከሩ፤ ይህን ሁሉ ቀና እንኳ ሳትል ጻፈችው። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

«ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ራስን የመሳት ወይም ለአፍታ የመደንዘዝ ችግር አጋጥሞዎታል?» ይላል። ከጎኑ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ «አዎ»፣ ሌላው «አላጋጠመኝም»። ከሥሩ ደግሞ፣ «አዎ» ያለ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ችግሩ እንዳልተመለሰበት በሐኪም እስኪረጋገጥ ድረስ የሕዝብ ማመላለሻ እንደማያሽከረክር በደቃቅ ፊደል ተጽፏል።

«ምነው ጸሐፊዬ፣ ቀለም አለቀብሽ እንዴ?» አላት አባቷ።

መንጃ ፈቃድ የሚታደስበት ቢሮ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቁጥራቸው አርባ ሦስት ነው፤ መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ገና ሠላሳ ዘጠኝን እየጠራች ነው። አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር የደንብ ልብሱን ተኩሶ ለብሷል። ሰርግ የተጠራ ይመስል ጺሙንም ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል።

«ጸሐፊዬ» ማለት የጀመረው ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ነው። ትምህርት ያቋረጠው ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ማንበብ ይችላል፣ ግን አንድ ገጽ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። የእጅ ጽሑፉንማ ራሱም መልሶ አያነበውም። ስለዚህ የቤቱን ቅጽ ሁሉ የምትሞላው እሷ ናት፤ የመብራቱን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የሥራውን። እሱ ሳያነብ ይፈርማል። «አንቺ የጻፍሽውን ደግሞ ምን አነበዋለሁ?» ይላል። ድሮ ይህን ሲላት ደረቷ በኩራት ይነፋ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት የሆነውን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ዓርብ ቀን ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንደ ልማዷ በአባቷ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ አጠገቡ የሞተሩ ክዳን ላይ ተቀምጣለች። ከፊታቸው ባለው የእግረኛ መሻገሪያ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች አንድ ረጅም ገመድ ይዘው፣ ከአስተማሪያቸው ኋላ ተሰልፈው እየተሻገሩ ነበር። አባቷ ፍጥነት አልቀነሰም። ዞር ብላ ስታየው ዓይኑ ተከፍቷል፣ ግን አያይም፤ አፉ ባዶውን ያላምጣል።

«አባዬ!» ብላ ጮኸች። አልሰማትም። እንዴት እንዳሰበችው እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ተወርውራ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጇ ሳበችው። አውቶቡሱ እየተንሸራተተ ሄዶ ቆመ። ከልጆቹ የራቀው አንድ እርምጃ ብቻ ነበር። ከሁሉም ኋላ የነበረችው ትንሽዬ ልጅ ገመዷን ለቅቃ፣ ቀና ብላ አውቶቡሱን ታያለች። እንኳን ልታለቅስ፣ ምን እንደተፈጠረም አልገባትም።

አባቷ ብንን አለ። «ፍሬኑ ነው፤ ፍሬኑ እምቢ አለኝ» አለ ለተሳፋሪዎቹ። ቤት ገብተው ለመሥሪያ ቤቱ የሚቀርበውን ሪፖርት ሲያስጽፋትም ያንኑ ደገመው። እሷም ክው እንዳለች በዚያ በሚያምረው የእጅ ጽሑፏ፣ «የእግር ፍሬኑ አልያዘም» ብላ ጻፈች።

በሳምንቱ በዚያ ሪፖርት ምክንያት የአውቶቡሱ ሜካኒክ ከሥራ ታገደ። የእጁ ቅባት በምንም ሳሙና ስለማይለቅ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ቅባት» ይለዋል። የአባቷ የልብ ጓደኛ ነው፤ እሷንም ብስክሌት መንዳት ያስተማራት እሱ ነው። ትናንት መንገድ ላይ ሲያገኛት፣ «ፍሬኑን ሦስቴ ነው እኮ የፈተሽኩት ልጄ። እርጅና መጣ መሰለኝ፣ ዓይኔ እያታለለኝ ነው» አላት። ጥፋቱ የራሱ መስሎታል። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

«አባዬ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «ስድስተኛው ስለዚያ ነገር ነው የሚጠይቀው።»

የትኛው ነገር ብሎ አልጠየቃትም። ፊቱ ቅጭም አለ። «አላጋጠመኝም በይው። ድካም ነው አልኩሽ እኮ።»

«እሑድ ዕለትም ሻይ እየጠጣህ እንደዚያው ሆነሃል። ብርጭቆው ከእጅህ ወድቆ ሲሰበር አልሰማህም።»

ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ፣ «ስሚኝ እናቴ» አላት። «ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ። እንኳን ሰው ዶሮ አልገጨሁም። ይሄ ሕግ ግን ገና ላላደረግኩት ነገር ሊቀጣኝ ይፈልጋል። ይሄ ፍርድ ነው? ከመሪ ካወረዱኝ እኔ ምንድን ነኝ? ቤት ተጎልቼ ግድግዳ ሳይ ልዋል?»

ወደ ቅጹ ተመለከተች። ሐሰት አልተናገረም። ያ ደቃቅ ፊደል አባቷን አያውቀውም። ዝናብ ሲሆን አቅመ ደካሞችን ከፌርማታው አሳልፎ በራቸው ላይ እንደሚያወርድ አያውቅም፤ ይህን የሚጠይቅ ሳጥንም የለውም። አባቷ አንጀቷን በላት። ለእሱ ሲል ሕጉ አንዴ ዓይኑን ቢጨፍን ምን ነበረበት? እንዲህ እያሰበች ሳለ ያቺ ገመዷን የለቀቀች ልጅ ፊቷ ላይ ድቅን አለችባት።

«ጋሽ ቅባትስ?» አለች በመጨረሻ። «እሱም እኮ ባላደረገው ነው የተቀጣው። እሱን የቀጣነው ደግሞ እኔና አንተ ነን።»

አባቷ አንገቱን ደፋ። «አርባ አንድ!» አለች ሠራተኛዋ። ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠርዙን ማሻሸት ጀመረ። «ሰዓቱ እየሄደ ነው» አለ ቀና ሳይል። «አላጋጠመኝም በይና አምጪው፣ ልፈርም።»

እስክሪብቶውን አጥብቃ ያዘችና «አዎ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች። እሱ እጁን ዘረጋ። እንደ ሁልጊዜው ሳያነብ ሊፈርም ነው፤ ዝም ብትል ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። መፈረሚያው ላይ መዳፏን አኖረች።

«አንብበው» አለችው። «ዛሬ ሳታነብ አትፈርም።»

አያት፤ ከዚያ ቅጹን ወሰደ። ጣቱን ከመስመሮቹ ሥር እያስኬደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ማንበብ ጀመረ። አርባ ሁለት ተጠራ። ጣቱ ስድስተኛው ላይ ደርሶ ቆመ። አነበበው፤ እንደገና አነበበው። ቁጣውን ጠበቀች።

«ሌላ ቅጽ መውሰድ ትችላለህ» አለችው። «እሱን ግን ራስህ ሙላው። እኔ አልጽፍልህም።»

«አርባ ሦስት!»

አባቷ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ፈረመ።

ሠራተኛዋ ቅጹን አየችና መነጽሯን ከፍ አደረገች። «ስድስተኛውን አይተውታል? በስህተት ከሆነ ይንገሩኝ። ልጅዎ ናት የሞላችው?»

«የጻፈችው እሷ ናት» አለ። «ያስጻፍኳት ግን እኔ ነኝ።»

አሮጌውን መንጃ ፈቃድ ከደረት ኪሱ አወጣ። ፎቶው ላይ ጸጉሩ ጎፈሬ ነው። ትንሽ ይዞት ቆየና በመስኮቱ አቀበላት። «በዓመቱ የሐኪም ወረቀት ይዘው ይምጡ» አለችው ሠራተኛዋ በትሕትና። «እሺ» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ነበር።

ደጅ ሲወጡ የደንብ ልብሱን ኮት አውልቆ አጠፈና ክንዱ ላይ አደረገው። ደረጃው ላይ ቆሞ የት እንደሚሄድ ግራ የገባው ይመስላል። እሷ ፊቷን አዙራ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ለእናትሽ ምን ልበላት?» አለ።

«የሆነውን ንገራት። እኔ ጋሽ ቅባት ጋ እየሄድኩ ነው። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አንድ አውቶቡስ በፊታቸው ሲያልፍ ሾፌሩ አባቷን አውቆ ጥሩምባ ነፋለት። አባቷ እጁን ግማሽ ድረስ አንስቶ መለሰው። ፌርማታው ከመንገዱ ማዶ ነው።

«አብረን እንሂድ» አለ ቆይቶ። «ግን ዛሬ አውቶቡስ ላይ መሳፈር አልችልም። በእግር ይሁን።»

የጋሽ ቅባት ቤት በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች፤ ከክንዱ ላይ ኮቱን ተቀበለችውና አብራው መራመድ ጀመረች።