የደረት ጋዜጣ

ግሩምን መጀመሪያ ያዩት ከሰል ይዘው ወደ ድሬ ዳዋ የሚወርዱ ሴቶች ናቸው። የሐረር መንገድ ወደ ደንገጎ መጠምዘዝ በሚጀምርበት የመጀመሪያው ኩርባ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ብርቱካናማ የበረዶ ጃኬቱ እስከ አገጩ ተዘግቷል። ብስክሌቱ ከጎኑ ወድቋል። ፀሐይዋ ገና ከተራራው ጀርባ አልወጣችም።

የትራፊክ ፖሊሱ ሲመጣ የፊቱም የኋላውም ፍሬን ተከፍቶ አገኘው። «ከዳገቱ ሲወርድ ፍሬን አልይዝ ብሎት» ብሎ ጻፈና ሄደ። ከምሳ በፊት ጋሽ ክፍሉ ከከዚራ ሰፈር የብስክሌት መጠገኛቸው ተወስደው ታሰሩ። በዋዜማው ፍሬኑን የሠሩት እሳቸው ነበሩ።

ግሩም ጉምሩክ ነበር የሚሠራው። ብስክሌት እንጀራው ሳይሆን ፍቅሩ ነበር። ሙቀቱ ጋብ በሚልባቸው ወራት ሰው ሳይነሳ ደንገጎን ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ታጥቦ ቢሮ ይገባል። ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ለሚደረግ ውድድር እየተዘጋጀ ስለነበር የገና ሰሞንም አላረፈም።

ፋይሉ ኢንስፔክተር ወይንሸት ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል።

«ሰውዬው ፍሬን አላጠበቀም፣ ልጁ ወደቀ» አላት ኮማንደሩ። «በዓል ሳይገባ ላኪልኝ።»

«ፍሬን አላጠበቀም የምትለው ሰውዬ እኔንም ብስክሌት ያስተማረኝ ነው።»

«እንግዲያውማ ጭራሽ አንቺ ልትይዢው አይገባም።»

«ሌላ ማን አለ?»

ኮማንደሩ ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች ተመለከተ። ግማሹ ፖሊስ ለበዓል ፈቃድ ወጥቷል። «እስከ ቀብሩ ድረስ» አለ። «መኪና እንዳትጠይቂኝ። ነዳጅ የለም።»

ጋሽ ክፍሉ ተጠርተው ከፊቷ ሲቀመጡ በዘይት የጠቆሩ ጣቶቻቸውን ያገላብጡ ነበር።

«ቀብሩ ነገ ነው አሉኝ።»

«ነገ ነው፣ ጋሼ።»

«የምሥራች ምን አለች?»

ወይንሸት ፋይሉን ዘጋች። የሟቹ እኅት «ዓይናቸውን እንዳላይ» ብላ ነበር።

«ገባኝ» አሉ። «አስፈቺኝ አልልሽም። ቀብሩ ላይ ግን ልቁም። አባቱ ሲቀበር እጁን ይዤው የቆምኩት እኔ ነኝ። የልጁ ገዳይ ተብዬ ከምቀርበት እንደ ሰው ልቁምለት።»

«ስለ ፍሬኑ ይንገሩኝ።»

«አጥብቄ፣ ራሴ ነድቼ ሞክሬ ሰጠሁት። ጓደኛው ጉሌድም ነበር፤ ያ ከፈረንሳይ የመጣው የአክስቱ ልጅ ፍቅረ ማርያምም ነበር። እንዲያውም ይሳሳቁ ነበር። ፍቅረ ማርያም ያመጣለትን ጃኬት ‹ልበሰው እንጂ› ይለዋል። ግሩም ደግሞ ‹አቦ፣ ድሬ ላይ ይህን የሚለብስ ወባ የያዘው ብቻ ነው! በረዶህ ላይ ልበሰው› ብሎ በመኪናው መስኮት ወረወረለት።»

«የማን መኪና?»

«የጉሌድ ፒክአፕ። እንግዳ ነው ብሎ አውሶት ነበር።»

«ታዲያ ግሩም ቁልቁለቱን ምን ለብሶ ሊወርድ?»

አዛውንቱ ቅር ብሏቸው አዩዋት። «ረሳሽው?» መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ መታ መታ አደረጉ።

አልረሳችውም። ጋሽ ክፍሉ ብስክሌት የሚያሠለጥኗቸውን ልጆች ከደንገጎ አናት ከመልቀቃቸው በፊት የእያንዳንዱን ደረት በመዳፋቸው ይመቱ ነበር። ከማልያው ሥር ጋዜጣ ካልተንኮሻኮሸ ማንም አይወርድም። ሽቅብ ሲወጡ ላብ ያጠምቃል፤ በላብ ሲወርዱ ደግሞ ነፋሱ ደረት ይመታል። ስለዚህ ጋዜጣው ሽቅብ ታጥፎ በጀርባ ኪስ ይወጣል፤ ቁልቁል ደረት ላይ ተዘርግቶ ይወርዳል። የጋሽ ክፍሉ ልጆች ይህን ሳያደርጉ መውረድ ነውር ነው የሚመስላቸው።

ብስክሌቱ የጣቢያውን ጓሮ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ወይንሸት ገለበጠችው። የፊቱ ጎማ ቀጥ ብሎ ተሽከረከረ። የኋላው ግን ተጣሟል፣ አልዞር አለ። የፍሬን ሽቦዎቹ አልተበጠሱም፤ ትንንሾቹ መክፈቻዎች ብቻ በጣት ተነስተዋል። ከዚያ ካቴናውን፣ የብስክሌቱን ሰንሰለት፣ አየች። በኋላው ማርሽ ትልቁ ጥርስ ላይ ተቀምጧል። ጎንበስ እንዳለች ቆየች።

ሆስፒታል ለመድረስ ባጃጅ ይዛ፣ አስከሬን ክፍሉን የሚከፍተውን ሰው ደግሞ ለረጅም ሰዓት ጠበቀች። ለበዓል በግ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ የግሩምን ልብሶች በፌስታል ሰጣት። ጃኬቱ ከውጭ አንዲት ጭረት የለበትም። ከሥሩ የነበረው ማልያ ግን ትከሻውና ጀርባው ተበጣጥሶ ጠጠር ተሰግስጎበታል። የጃኬቱ ገበር ደም ጠጥቶ ደርቋል። ከማልያው የጀርባ ኪስ በሥርዓቱ የታጠፈ ጋዜጣ ወጣ።

ጉሌድን ያገኘችው ከአባቱ ሱቅ ደጃፍ፣ ፒክአፑ ላይ ተደግፎ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ከግሩም ጋር ይነዳ ነበር። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ሁልጊዜ አብራችሁ ነበር የምትወጡት። ዛሬ የት ነበርክ?»

«ቢዮ አዋሌ። አክስቴ ልጇን ድራ እዚያው አደርኩ። ስንት ሰው ያውቃል፣ ጠይቂ።» ቡጢውን መኪናው ላይ አሳረፈ። «ወላሂ አብሬው ብሆን…»

«መኪናዋ መቼ ተመለሰች?»

«ዛሬ ከምሳ በፊት። ፍቅረ ማርያም አመጣት። ታጥባ!» ከሐዘኑ መሃል ሳቅ አመለጠው። «አቦ ወይንሸት፣ ስንቱን መኪና አውሼ አውቃለሁ። ያለ ነዳጅ መልሰውልኛል፣ ያለ መስታወት መልሰውልኛል። አጥቦ የመለሰልኝ ዛሬ አየሁ። ለዚያውም ዘመዱ በሞተ ቀን።»

ወይንሸት የፊት መከላከያው ላይ አጎነበሰች። ሳሙናው ያልነካው ጠርዝ ላይ ጥቁር የጎማ ጭረት አለ።

«ይህ ድሮም ነበር?»

ጉሌድ አይቶ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «አልነበረም» አለ። ሳቁ ጠፋ።

ፍቅረ ማርያም በየምሥራች ቤት በረንዳ ላይ ከለቀስተኞቹ ተለይቶ ተቀምጦ ነበር። ለረጅም ዓመታት ፈረንሳይ ውስጥ፣ ተራራማ ከተማ ነው የኖረው። የፈረንጅ ገናን በበረዶ ሸርተቴ፣ የእኛን ገና ደግሞ አንዳንዴ ድሬ ያሳልፋል።

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ተኝቼ ነበር። የምሥራች ስትጮህ ነው የነቃሁት።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ቁልቁለት ቀልድ አያውቅም። እኔ በሸርተቴው አውቀዋለሁ። ስንቱን አስጠነቀቅኩት!»

«እዚያ በረዶው ላይ ሽቅቡን እንዴት ነው የምትወጡት?»

ጥያቄው አስገረመው። «ሽቅቡን? በሽቦ የሚሄድ ወንበር አለ። ቁጭ ብሎ መውጣት ነው። ሥራውም አደጋውም ቁልቁል ነው።»

«ሽቅብ ሰው አይሞትም ማለት ነው።»

«እንዴት ይሞታል?» አለ ፍቅረ ማርያም።

ወይንሸት አመስግና ወጣች። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዞላት ነበር፤ ግን እፎይ አላለችም። የጃኬቱ ገበር ከዓይኗ አልጠፋ አለ። ወደ ሆስፒታል ተመልሳ አስከሬኑን የመረመረውን ሐኪም አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። የሰጣት መልስ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳት።

በማግሥቱ አስከሬኑ ከመውጣቱ በፊት፣ በየምሥራች ግቢ ድንኳን ውስጥ ጋሽ ክፍሉ በሁለት ፖሊሶች ታጅበው ገቡ። ጉርምርምታ ተነሳ። የምሥራች ብድግ አለች።

«ወይንሸት፣ ምን አደረግኩሽ? በዚህ ቀን እኚህን ሰው ታመጪብኛለሽ?»

«ዛሬ ካልሰማሽው ዕድሜ ልክሽን የምትጠዪው የማይገባውን ሰው ነው። ትንሽ ታገሺኝ።»

ጉሌድ ብስክሌቱን ተሸክሞ ከድንኳኑ መሃል አቆመው። ኮማንደሩ ከኋላ ሰዓቱን ያያል። ፍቅረ ማርያም ከየምሥራች አጠገብ ነበር።

«ግሩም ከላይ ሲወርድ ፍሬን ከዳው ተባለ» አለች ወይንሸት። «እሺ እንበል። የወደቀው ግን ግርጌ፣ የመጨረሻው ኩርባ ላይ ነው። ፍሬን የሌለው ሰው ከዚያ በላይ ያሉትን ኩርባዎች ሁሉ በምን አለፋቸው?»

ወደ ብስክሌቱ ጎንበስ አለች።

«ካቴናውን እዩ። ትልቁ ጥርስ ላይ ነው። ይህ ማርሽ የዳገት ነው፤ በዚህ የሚወርድ የለም። ግሩም እየወረደ አልነበረም፤ መውጣት መጀመሩ ነበር። የፊቱ ጎማ ደኅና ነው፤ የተጣመመው የኋላው ነው። የመታው ነገር ከኋላው መጣ ማለት ነው። ፍሬኑ የተከፈተውም ከወደቀ በኋላ፣ በሰው ጣት ነው።»

«ጃኬቱስ?» አለች የምሥራች። «ለመውረድ ለብሶት አይደል?»

«ጋሽ ክፍሉ፣ ለመውረድ ምን ይለበሳል?»

«ጋዜጣ» አሉ አዛውንቱ።

«ጋዜጣው ታጥፎ ኪሱ ውስጥ ነው የተገኘው። ማልያው ተበጣጥሷል፤ ከላዩ ያለው ጃኬት ጭረት እንኳ የለውም። ጃኬቱን ያለበሱት ከወደቀ በኋላ ነው። ጃኬቱ ደግሞ የነበረው በጉሌድ ፒክአፕ ውስጥ ነው። የመኪናዋ ቁልፍ ማን ዘንድ ነበር?»

ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞረ።

«ከኋላው መብራት እያበራሁለት ነበር» አለ ፍቅረ ማርያም በቀስታ። «ቪዲዮ እቀርጸው ነበር። ስልኩን አየሁ… ቀና ስል ከፊቴ የለም። ሞቶ ነበር! ቢያስሩኝ የመኖሪያ ፈቃዴ ያልቃል፣ ያለኝ ሁሉ እዚያ ነው። የሞተ ሰው ምን አደርግለታለሁ ብዬ…»

«አስበህ ቁልቁለት ፈጠርክለት» አለች ወይንሸት፤ አንቱታው ቀርቶ ነበር። «ለአንተ ሽቅብ የሚወጣው ወንበር ነው። ለእሱ ግን ሙሉ ሥራው ሽቅቡ ነበር። ፍሬኑን ከፈትክ፣ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘጋህ። ማርሹን ማየት ትዝ አላለህም።»

እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። የምሥራች ግን የወይንሸትን ፊት አየች።

«የቀረ ነገር አለ» አለች። «ንገሪኝ።»

«የምሥራች…»

«ንገሪኝ አልኩሽ!»

«የጃኬቱ ገበር በደም ርሷል። ሐኪሙን ጠየቅኩት። የሞተ ሰው ያን ያህል አይደማም አለኝ። ጃኬቱን ሲያለብሰው ግሩም ሕይወት ነበረው።»

የምሥራች ወደ አክስቷ ልጅ ዞረች። አልጮኸችም።

«ከዚያ ኩርባ ሆስፒታል በመኪና ቅርብ ነው፣ ፍቅሬ» አለች። «ቁልቁለት ነው።»

ፍቅረ ማርያም በሁለቱ ፖሊሶች መካከል ወጣ። ኮማንደሩ ወይንሸትን ጠጋ ብሎ «ክሱን ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን» አላት። ወይንሸት ፊቷን ወደ ብስክሌቱ መለሰች። ምን ብትል የዚያን ጠዋት መኪና ወደ ሆስፒታል አታዞረውም።

ጋሽ ክፍሉ የት መቆም እንዳለባቸው ጠፍቷቸው ድንኳኑ መሃል ቀርተው ነበር። የምሥራች ሄዳ እጃቸውን ያዘች።

«ከፊት ይሁኑ፣ ጋሼ» አለች።

መቃብሩ አፋፍ ላይ ሣጥኑ ከመውረዱ በፊት አዛውንቱ «አንዴ» ብለው ጠየቁ። ከኮታቸው ኪስ ጋዜጣ አውጥተው ዘረጉት፤ ሣጥኑ ላይ፣ በደረቱ ትክክል አስተካክለው አነጠፉት። ከዚያ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

ጋዜጣው ተንኮሻኮሸ።

«በቃ» አሉ ጋሽ ክፍሉ። «አሁን ይውረድ።»